ሂዳ

ሰኔ ነው፤ ኮምቦልቻ፣ የመምህራን ቢሮ፣
ፊቴ የተከመረ መቶ ስልሳ ወረቀት፣ የሦስት ክፍል እሮሮ፤
ቀይ እስክሪብቶዬ አልቆ፣ ሌላ ቀይ ተበድሬ፣
አርማለሁ፤ ስቀንስ ውዬ፣ ስቀንስ አድሬ።

የዘይነባ ወረቀት ከመሃል ወጣ፣ ተጨማዶ፣
በላብ ይሁን በውሃ እንጃ፣ ጥያቄ አራት ርሶ ቀለሙ ሄዶ።
ከሥር ምልክቱ አጠገብ፣ እንደ ጎረቤት አስጠግታ፣
በላቲን ፊደል አንዲት ቃል ጽፋለች፣ በእርሳስ፣ በዝግታ፤
«ሂዳ» ትላለች። እኔም ሳነባት፣
«ማን ሄዶ?» ብዬ ሳቅሁባት፣
ሁለት ነጥብ ቀነስኩባት።

ማን ናት ስል አሰብኩ፤ የኋላው ረድፍ፣ ከተሰበረው መስኮት ሥር፣
ስም ሲጠራ «አለሁ» ከማለት በቀር፣
አንድ ቀን ድምጿን አልሰማሁ።
«ጥያቄ ያለው?» እላለሁ ሁሌ፣ ሰሌዳውን እየጠረግሁ፣
ጀርባዬን ሰጥቼ።
ዝም ሲሉኝ፣ «ጥሩ፣ ገብቷችኋል» ብዬ እወጣለሁ።

ሐምሌ ሲገባ ዝርዝሩ ተለጠፈ፣ ከሬጅስትራሩ በር፣
የልጆቹ ጣት ከቁጥር ወደ ቁጥር ሲዳክር፣
እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበርኩ፣ ጁሃር ጋ፣ ከግቢው ማዶ፣
የክረምቱን ፈተና ላባዛ፤ መብራት ሄዶ፣
ቆመን ስናወራ፣ «ያቺ የዳዌ ልጅስ?» አለኝ፣ «ዘይነባ?
ሰማንያ ገጽ ማስታወሻህ፣ በገጽ ሦስት ብር፣ ከየት አምጥታ ታስባዛ?
‹ይቺን አንሳልኝ፣ ይቺን ዝለላት› ትለኛለች፣
‹ይቺን ከሰው አያታለሁ›፤ ከማን እንደምታይ እንጃ፤ ብቻዋን ነች።
ኮምፒዩተር የነካችው እዚህ ነው፤ እኔ ነኝ ያስያዝኳት ማውሱን፣
ደንበኛ ሲገባ ብድግ ትላለች፤ ቆማ ትጠብቃለች ተራዋን።
እስከ ስምንተኛ በኦሮምኛ ተምራ፣ ከዚያ እንግሊዝኛው ወረደባት፤
እዚህ ደግሞ መኝታ ክፍሉ በአማርኛ ይስቃል፣
ሳቁ ሲያልቅ ነው የሚገባት።»

ያኔ ጠየቅሁት፣ እንደ ዋዛ፣
«‹ሂዳ› ምን ማለት ነው?»
ወረቀቱን እያስተካከለ፣
«ሂዳ? ሥር ነዋ» አለ፣
«የዛፍ ሥር። የነገር ሥር።
ያው አንተ ሰሌዳ ላይ የምትስለው፣ ቁጥር ያስጠለለ
ጎጆ የመሰለ።»

ሥር።
ከሥር ምልክቱ አጠገብ ሥር ብላ ነበር የጻፈችው፤
ለእኔ አይደለም። ለራሷ ነው፣ እንዳይጠፋት፣
በእናቷ አፍ ያሰረችው።

ቢሮዬ ገብቼ ወረቀቷን አወጣሁ፤ ሁለቱን መለስኩ፤ ደመርኩ እንደገና፤
አታልፍም። ግጥም እንዲያምር ብዬ አልዋሽም፤
ዐሥራ አንድ ይጎድላታል።
ዐሥራ አንዱን ግን ማን ቀነሰው?
ስንቱን፣ ጦርነቱ ትምህርት ቤቷን የዘጋበት ዓመት?
ስንቱን፣ ቡድን ስትፈልግ «እኛ ሞልተናል» ያሏት?
ስንቱን፣ ጁሃር ጋ የተዘለሉት ገጾች?
ስንቱን፣ የእኔ ጀርባ?

ከሴቶቹ መኝታ ሄጄ ቆምኩ፤ ወንድ አይገባም፤ ከደጁ፣
ልብስ የምታሰጣ አንዲት ልጅ አየሁ፣ የላስታ ትሁን የየጁ፣
«ዘይነባ?» አለችኝ፣ ባልዲውን ሳታስቀምጥ ከእጇ፣
«ሂዳለች እኮ መምህር። ትናንት፣ በባቲ መኪና።
ደብተሮቿን ለእኔ ትታ፤ ‹ጀርባው ባዶ ነው፣ ጻፊበት› ብላኝ።»

ሂዳለች።
በእሷ አፍ ሥር የሆነው በእኔ አፍ መንገድ ሆነ።
የቱ ጋ እንደተነቀለ ስፈልግ፣
ቦርከና ደፍርሶ ይወርዳል፤ መሸ፤ ዘነበ።

በጥቅምት አዲሶቹ ገቡ። ጎጆውን ሰሌዳው ላይ ሳልኩት፤
መስኮቱ ዛሬም አልተጠገነም።
«ጥያቄ ያለው?» አልኩ፤ ጠመኔውን አስቀምጬ፣
ፊቴን ወደ እነሱ መልሼ።
ማንም አልተነፈሰ። ዝምታው ሲረዝም እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።
ከመስኮቱ ሥር አንድ እጅ እስከ ትከሻ ወጣና
ተመልሶ ወረደ።

ጠበቅሁት።